ምዕራፍ ስድስት፦ ደገኛ በባሕር ዳርቻ

በሐምሌ ወር ከላሊበላ ከተማ ማልዶ ተነሥቶ፣ በእግሩም ይሁን በበቅሎ፣ ገደሉን ይዞ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ አምባ ላይ ቆሞ ቍልቍል ሲመለከት፣ ደመናውን ከራሱ በላይ ሳይሆን ከእግሩ በታች ያገኘዋል። በየሸለቆው ተኝቶ ያደረው ጉም ፀሐይ እየጠነከረች ስትሄድ ቀስ በቀስ ተነሥቶ ገደሉን ይወጣና፣ ከቀትር በኋላ ደብሩን ከነዛፉ ይውጠዋል፤ ከዚያም ነጎድጓድ፣ ከነጎድጓዱም ኋላ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናም ይከተላል። ትውፊት ከዛጔው ንጉሥ ከነአኵቶ ለአብ ጋር የሚያያይዘው ይህ ከገደል የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ከቀይ ባሕር በቀጥታ መስመር ቢለካ 400 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ነገር ግን በመካከሉ የአፋር በረሃ ስለተዘረጋ የላስታ ገበሬ ባሕርን የሚያውቀው በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ አይደለም።

በመጽሐፍ ግን አሳምሮ ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቀውን ዘመነ ክረምት ከፋፍላ ስትሰይም፣ ለአንደኛው ክፍል መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግ የሚል ስም ሰጥታዋለች፤ ከዚያ ቀጥሎ በነሐሴ የሚውለውንም ዕጕለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ትለዋለች። ስለዚህ የባሕር ሽታ ደርሶት የማያውቅ የላስታ መርጌታ፣ ከጭጋግ የተነሣ ከቤተ ልሔሙ እስከ ቅኔ ማሕሌቱ ያለው መንገድ በማይታይበት ሌሊት፣ ስለ ባሕርና ስለ ደሴቶች ይቆማል፣ ይዘምራልም። ይህን የሰማ የዘመናችን ተማሪ ሊቃውንቱ ተራራውን ከባሕር ጋር ያለ አገባብ የቀላቀሉት መስሎት ፈገግ ይል ይሆናል፤ እኔ ግን ስለ አየር ጠባይ ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይህ አከፋፈል ወደ እውነቱ የቀረበ ነው እላለሁ፤ በአሸተን ገደል ላይ የሚወርደው ነጠብጣብ ሁሉ ከጥቂት ቀናት ወይም ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአንድ በሩቅ ባለ ባሕር ላይ የነበረ ነውና።

ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ከደጋ ተነሥቶ በባሕር ዳር ከተማ ሊኖር ለሚሄድ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ዛሬ ጥቂት አይደለም፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ አለ፣ በደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ሱቅ የሚከፍት አለ፣ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በሲያትል ወይም በሳንዲያጎ ቤተሰብ መሥርቶ የሚኖርም አለ። ይህ ሰው አዲሱን አገሩን ሲያስብ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ አንደኛው ዝናሙ እንዴት ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ በተለይ ወጣት የሆነ እንደሆነ፣ በሥዕል ያየው ያ በሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ፣ ሰርፊንግ የሚባለው ጨዋታ፣ በዚያ ይቻል ወይስ አይቻል እንደሆነ ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች አብዛኛው ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ሰማዩ ሲከፋ ባሕሩም ይከፋል፣ ሰማዩ ሲጠራ ባሕሩም ይጠራል ብሎ ያስባልና። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ በራስህ ላይ ያለው ሰማይ ስለሚመጣልህ ማዕበል የሚነግርህ ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

አስቀድመን ስለ ዝናሙ እንናገር። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል፣ የምድር ወገብ ግራና ቀኝ ነፋሳት የሚገናኙበት መቀነት አብሯት ወደ ሰሜን ይሻገርና ከሰኔ ጀምሮ በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ ያርፋል። በዚያም ጊዜ ከደቡብ ንፍቀ ክበብ፣ ከማዳጋስካር ወዲያ የተነሣ ብርቱ ነፋስ በኬንያ ላይ ምድር ወገብን ተሻግሮ የሶማሊያን ጠረፍ እየታከከ ወደ ሕንድ ይነጕዳል፤ ፊንድሌተር የተባለው የአየር ጠባይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 አካሄዱን በዝርዝር ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። በትምህርት ቤት የተማርነው የክረምታችን እርጥበት የሚመጣው ከምዕራብ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ነው የሚል ነበር፤ የአየሩን ጕዞ ወደ ኋላ እየተከተሉ የመረመሩ የቅርብ ጊዜ ሊቃውንት ግን ከሕንድ ውቅያኖስ፣ እንዲሁም ከሰሜን ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን አቅጣጫ የሚደርሰው ድርሻ ቀድሞ ከተገመተው እጅግ የበዛ መሆኑን አግኝተዋል። በግእዝ ብቻ ተሟልቶ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ በምድር ዳርቻ ለነፋሳት 12 በሮች እንዳሉ፣ ከእነዚህም በአራቱ በረከት በስምንቱ መቅሠፍት እንደሚወጣ ይናገራል፤ የበሮቹ ቍጥር የቱንም ያህል ይሁን፣ ዝናም በአንድ በር ብቻ አይመጣም የሚለው አሳብ ግን በመሣሪያ ከተደረሰበት ጋር አይጣላም።

እርጥበቱ መምጣቱ ብቻውን ዝናም አያደርግም፤ ይህን የአፋር በረሃ ይመሰክራል፣ ያው አየር በላዩ ሲያልፍ አንዳንዴ ጠብታ እንኳ አይጥልለትምና። አየሩ መውጣት አለበት። ወደ ላይ በወጣ ቍጥር በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ የተሸከመውን ተን መያዝ ስለማይችል ይጥለዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው አቡነ ዮሴፍና በዙሪያው ያሉት የላስታ ተራሮች የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው፦ የመጣውን ሁሉ ሽቅብ ያስወጡታል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ጠቢባን ይህን ዝናም ከማንም ይልቅ ያውቁት እንደነበር፣ በየቤተ መቅደሱ ዙሪያ ውኃው እንዲወርድ አዘንብለው የቈፈሩት ቦይ ዛሬም ያስረዳል፤ ከ800 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በአንዳንዶቹ ላይ የተተከለው የብረት ጣራ ግን ከዝናሙ ቢከላከልም ለዓይን የሚያስደስት ነገር አይደለም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

የወረደው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅም ይገባል። ከላስታ ተራሮች ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ሁሉ ወደ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜም በሱዳን ከአትባራ ጋር፣ አትባራም ከዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሜዲትራኒያን ይጓዛል፤ እርግጥ ዛሬ በመንገዱ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀውና 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ፣ ከዚያም የሱዳንና የግብፅ ግድቦች ስላሉበት ባሕር የሚያይ ጠብታ ጥቂት ነው። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆቦ ሜዳ የሚወርደው ደግሞ በአፋር አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከላስታ ጠብታ አንዱ እንኳ በቅርብ ወዳለው ወደ ቀይ ባሕር አይደርስም።

እንግዲህ ደገኛው ወደ ባሕር ይውረድ። ከጥንት ጀምሮ በቅርብ ያገኘው የነበረው ምጽዋ ነው፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የባሕር ኃይል መቀመጫ ስለነበረ ከሸዋ፣ ከጎጃምና ከወሎ የሄዱ ብዙ ወጣቶች ባሕርን መጀመሪያ ያዩት በዚያ ነው። እነዚህ ወጣቶች የገጠማቸው ተአምር የሚመስል ነገር የቀን መቍጠሪያው መገልበጥ ነበር። በአሥመራ፣ እንደ ላሊበላ ሁሉ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናም ሲወርድ፣ በቀጥታ ከ70 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት በታችዋ ያለችው ምጽዋ እንደ እሳት ትነዳለች፤ በገና ሰሞን ደጋው ደርቆ አቧራ ሲነሣ ደግሞ ምጽዋ ከዓመቱ ጥቂት ዝናሟ አብዛኛውን ታገኛለች። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ በክረምት የሚነፍሰው ነፋስ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ መጥቶ ውኃውን በደጋው ላይ ይጥልና ደርቆ ወደ ቈላው ይወርዳል፤ በበጋ ግን ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ የመጣው ነፋስ በቀይ ባሕር ላይ ሲያልፍ እርጥበት ይጠጣና ተራራው ሥር ሲደርስ ይጥለዋል። በመካከል ያለው ሰሜናዊ ባሕሪ የተባለው የተራራ ወገብ ከሁለቱም ስለሚቀበል ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ የዚያ አገር ባላገርም ይህን አውቆ ከጥንት ጀምሮ ከብቱን በዝናሙ ተከትሎ ከደጋ ወደ ቈላ፣ ከቈላ ወደ ደጋ ይመላለሳል። ጅቡቲም በዚሁ ሕግ የምትተዳደር ናት፤ በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናም የምታገኘው ይህች ከተማ በእኛ ክረምት ጊዜ ያላት ከበረሃ የሚነሣ የሚፋጅና አሸዋ የተሸከመ ነፋስ ነው።

ማዕበሉስ? እዚህ ላይ ስለ ማዕበል አፈጣጠር ጥቂት መናገር ግድ ይሆናል። ማዕበል የነፋስ ልጅ ነው፤ መጠኑም በሦስት ነገር ይወሰናል፦ ነፋሱ በምን ያህል ብርታት እንደነፈሰ፣ ለምን ያህል ሰዓት እንደነፈሰ፣ ያለ አንዳች ከልካይ በምን ያህል ርቀት ውኃ ላይ እንደነፈሰ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሁለቱ አይበቁም። ደግሞም ማዕበል ሲሄድ የሚጓዘው ውኃው አይደለም፤ በጥቅምት የገብስ ማሳ ነፋስ ሲያጎነብሰው ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው እንቅስቃሴው እንጂ ገብሱ ከሥሩ ተነቅሎ እንደማይሄድ ሁሉ፣ ባሕሩም ውኃውን በስፍራው እያሽከረከረ ኀይሉን ብቻ ወደ ፊት ያሳልፋል። ስለዚህም ነው ብዙ ሳይደክም ሩቅ የሚደርሰው።

ሩቅ ስንልም እንዲሁ አይደለም። በሁለት ማዕበሎች ራስ መካከል 15 ሴኮንድ የሚፈጅ ብርቱ ሞገድ፣ ኀይሉ በጥልቁ ባሕር ላይ በቀን 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ዋልተር መንክ የተባለው ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶችና በአላስካ መሣሪያ ተክሎ፣ በኒው ዚላንድ አካባቢ በዐውሎ ነፋስ የተወለደ ሞገድ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አላስካ ሲደርስ በሰዓት በሰዓት ለክቶታል። ይህ እንግዳ ሞገድ ወደ ጠረፍ ሲቀርብ ወለሉ ይነካዋል፣ እግሩ ይዘገያል፣ ራሱ ይነሣል፤ ጥልቀቱ ከቁመቱ ብዙም በማይበልጥበት ስፍራ ሲደርስም ራሱ እግሩን ቀድሞ ይደፋል። ማዕበል የሚጋልበው ሰው የሚጠብቀው ይህችን ቅጽበት ነው። ከዚህም የተነሣ ፀሐይ በወጣበት፣ ነፋስ ባልነፈሰበት፣ ደመና በሌለበት ቀን ታላቅ ማዕበል ሊመጣ ይችላል፤ በአንጻሩም ሳምንት ሙሉ ዝናም ወርዶ ባሕሩ ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሕግ የጣናን ሐይቅ ብንመዝነው ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል። ባሕር ዳር በሐምሌና በነሐሴ ከአገራችን ብርቱ ዝናም ከሚወርድባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ሐይቁም ሞልቶ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ውኃው እንደሚናወጥ ታንኳ ቀዛፊውም ሆነ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሻገረው መነኵሴ ያውቃል፤ ስለዚህ መንገዱን ማለዳ ያደርጋል። ነገር ግን ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ቢበዛ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሞገዱ አጭርና ተደራራቢ ሆኖ ይቀራል፤ የደንገል ታንኳ ለመገልበጥ ይበቃል፣ ሰው ለመሸከም ግን አይበቃም። ቀይ ባሕርም፣ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም፣ በስፋቱ ጠባብ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ታላቅ ሞገድ እንዳይገባበትም በባብ ኤል መንደብ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው በር ተዘግቷል። ምጽዋ ደግሞ በዳህላክ ደሴቶችና በዛጐል ድንጋይ የታጠረች ናት። በግብፅ በኩል ባለው የሰሜኑ ክፍል ነፋሱ ጽኑ ስለሆነ ሰዎች በሸራና በካይት እየተጐተቱ በውኃው ላይ ይበራሉ፤ በማዕበል ብቻ ለመጋለብ የሚሻ ግን ሌላ ባሕር ይፈልግ።

ያ ሌላ ባሕር ሩቅ አይደለም። ለክረምታችን እርጥበት የሚያቀብለው ያው የሶማሊያ ጠረፍ ነፋስ በሐምሌ በዐረብ ባሕር ላይ ከ4 ሜትር የሚበልጥ ማዕበል ያስነሣል፤ በዚህም የተነሣ የቀድሞ የጀልባ ነጋዴዎች በእነዚያ ወራት መርከባቸውን ወደ ዳር ስበው ነፋሱ እስኪበርድ ይጠብቁ ነበር። በኦማን ደቡባዊ ጠረፍ ያለችው ሰላላ ከሰኔ እስከ መስከረም በጭጋግና በካፊያ ተሸፍና ተራራዋ እንደ ላስታ ይለመልማል፤ የባሕሩ ዳርቻ ግን ማዕበሉ ስለሚበረታ በዚያ ወቅት ለዋና አደገኛ ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ አለፍ ብሎ በዚያው አገር ጠረፍ ማዕበል ጋላቢዎች የሚሰበሰቡትም በዚሁ ወቅት ነው። በላስታ ጭጋግና በሰላላ ጭጋግ መካከል ያለውን ዝምድና የሚያስተምር መምህር በሁለቱም አገር ቢኖር ምኞቴ ነው።

ስለ ጨዋታው ራሱ ብዙ አልልም። የሃዋይ ሰዎች ከነገሥታቶቻቸው እስከ ሕፃናቶቻቸው ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ በካፒቴን ኩክ መርከብ የነበረው ሹም ጄምስ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1779 አይቶ እየተደነቀ ጽፎታል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ፣ በስቶክሆልምና በአንትወርፕ ኦሎምፒክ በዋና የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ዱክ ካሃናሞኩ ወደ ዓለም አወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶክዮ ኦሎምፒክም መጀመሪያ ከውድድሮቹ ተቈጠረ።

አሁን ወደ ሲያትል እንሻገር፤ ከሁሉ ይልቅ የእኛን ሰዎች የሚመለከት እርሱ ነውና። በከተማይቱና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ምግብ ቤቶችም አሏቸው። ሲያትል በዓለም ሁሉ በዝናም የታወቀች ናት፤ ነገር ግን በዓመት የምታገኘው 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ከዚያ የበለጠ ታገኛለች። ታዲያ ስሟ ስለ ምን ከፋ ቢሉ፣ ዝናሟ ስለሚሰነባብት ነው። የእኛ ዝናም ከቀትር በኋላ በኀይል ወርዶ፣ ጎርፉን ለቆ፣ ማምሻውን ሰማዩን ያጠራል፤ የሲያትል ዝናም ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት በካፊያ እየተጐተተ በዓመት 150 ያህል ቀን ይወርዳል። ለደገኛው ከዝናሙ ይልቅ የሚከብደው የፀሐይ መጥፋት ነው፤ በታኅሣሥ ቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነውና። ከሁሉም የሚያስገርመው የበዓላቱ መገልበጥ ነው፦ በላስታ ዝናሙ አብቅቶ አደይ ሲፈነዳ የሚከበረው መስቀል በሲያትል የዝናሙ ደጃፍ ነው፤ በላሊበላ ምእመናን በጠራ የብርድ ሌሊት በአደባባይ የሚያድሩበት ገናም በዚያ በካፊያ ውስጥ ይውላል፤ በአንጻሩ ሐምሌ፣ በላስታ የነጎድጓድ ወር፣ በሲያትል ከዓመቱ ሁሉ ደረቁና ብሩሁ ነው። ክረምት ሲመጣ ቤት መቀመጥ የለመደ ሰው የሲያትልን ምርጥ ወራት በቤቱ እንዳያሳልፍ ይጠንቀቅ።

ማዕበል ለሚሻ ግን ሲያትል የባሕር ከተማ ናት ለማለት ያስቸግራል፤ የተመሠረተችው በውቅያኖሱ ዳር ሳይሆን ከመሬት ውስጥ ገብቶ በተጠማዘዘ የባሕር ክንድ ላይ ነው፣ ሰላማዊ ውቅያኖስም በተራሮች ማዶ ነው። ስለዚህ ጋላቢው ሰሌዳውን በመኪናው ጣራ ላይ ጭኖ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ፣ ዌስትፖርት ወደምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ይሄዳል። የዚያ ውኃ በበጋም ቢሆን ቀዝቃዛ ስለሆነ ወፍራም የጎማ ልብስ ሳይለብስ የሚገባበት የለም፤ በዝናሙ ወራት ከአላስካ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ሞገድ ለጀማሪ የማይገባ ብርቱ ነው፤ የሚስማማው የሰኔና የነሐሴው ለስላሳ ሞገድ ነው። ወደ ደቡብ በሳንዲያጎ የሚኖር ወገናችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፦ ዝናሙ በዓመት 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ በወረደ ጊዜ የከተማውን ጉድፍ ሁሉ ጠርጎ ወደ ባሕር ስለሚያስገባው፣ የጤና ባለ ሥልጣኖች ከዝናም በኋላ ለ72 ሰዓት ወደ ውኃው እንዳይገባ ያስጠነቅቃሉ። ዝናም በማዕበል ላይ ሥልጣን ያለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ማዕበሉን አይፈጥረውም፣ ያቈሽሸዋል እንጂ።

ይሁን እንጂ የላስታን ዝናምና የሰላማዊ ውቅያኖስን ማዕበል አንድ የሚያደርግ ታላቅ ነገር አለ። ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ የሰላማዊ ውቅያኖስ መካከልና ምሥራቅ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ኤል ኒኞ የሚባለው ይህ ነው። በዚያ ጊዜ በእኛ ላይ ሊወጣ የሚገባው አየር ወደ ታች የመጫን ጠባይ ይይዛል፣ ክረምቱም ይሳሳል፤ ከወራት በኋላ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ብርድ ሲገባ ደግሞ የውቅያኖሱ ዐውሎ ነፋሶች ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ተስበው በሃዋይና በካሊፎርንያ ላይ ታላቅ ማዕበል ይሰድዳሉ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት እንዲሁ ሆነ። በሰሜን ወሎ፣ በዋግ፣ በአፋርና በሌሎችም ብዙ ስፍራዎች ዝናሙ ቀረ፤ በተከታዩ ታኅሣሥ መንግሥትና ረጂ ድርጅቶች እርዳታ የሚሻው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መሆኑን አስታወቁ። የካቲት 17 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ በሃዋይ በዋይሜያ የባሕር ወሽመጥ፣ ማዕበሉ ከመጠን በላይ ካልተነሣ በቀር የማይካሄደውና ከስድስት ዓመት በላይ ሳይደረግ የቆየው የኤዲ አይካው መታሰቢያ ውድድር ተካሄደ፤ ጆን ጆን ፍሎረንስ የተባለው የአገሩ ልጅ አሸነፈ፣ ሕዝብም በዳርቻው ተሰብስቦ እልል አለ። በአንዱ ገጽ የወሎን እናት፣ በሌላው ገጽ ያን በዓል ያተመ ጋዜጣ ቢገኝ፣ ሁለቱ ዜናዎች የአንድ ውቅያኖስ ሥራ መሆናቸውን የሚያስተውል አንባቢ ስንት ይሆን?

ነገር ግን ይህን እንደማይናወጥ ሕግ መቍጠር አይገባም። የ1965ቱ የወሎ ረኃብ ከኤል ኒኞ ጋር የገጠመ ነበር፤ የ1977ቱ ግን፣ ዝናሙ በዋናነት የቀረው በ1976 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ኤል ኒኞ አልነበረም፤ ጦርነቱና አስተዳደሩም በረኃቡ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ በደመና የሚሸፈን አይደለም። የዋይሜያውም ውድድር በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር የተካሄደው ውቅያኖሱ በተቃራኒው በቀዘቀዘበት ዓመት ነው። ኤል ኒኞ ዕድሉን ያዘነብላል እንጂ አይወስንም፤ በግንቦት ወር የሚወጣውን የሜትዎሮሎጂ ትንበያ የሚሰማ ገበሬም በዚህ ልክ ሊሰማው ይገባል።

ለተሳፋሪው የቀረን ጥቂት ነገር ነው። በምትሄድበት ከተማ የማዕበል ትንበያ ስታይ ከቁመቱ አስቀድመህ በሁለት ሞገዶች መካከል ያለውን ሴኮንድ ተመልከት፤ ስድስት ወይም ሰባት ከሆነ በቅርብ ነፋስ የተነሣ ሽብር ነው፣ ከ12 በላይ ከሆነ ግን ከሩቅ የመጣ ነውና ቁመቱ ትንሽ ቢመስልህም አትናቀው። ነፋሱ ከመሬት ወደ ባሕር በሚነፍስበት ማለዳ ውኃው የተስተካከለ ይሆናል። ዋና የማያውቅ ሰው ሰሌዳ አይግዛ፤ ከደጋ የወጣን ብዙዎቻችን አናውቅምና አስቀድሞ በገንዳ መማር ውርደት አይደለም። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውኃ ተመልሶ የሚወጣበት ጠባብ ጅረት በየዳርቻው አለ፤ ማዕበል የማይሰበርበት ጸጥ ያለ መንገድ መስሎ ስለሚታይ አላዋቂ ሰው የሚገባው በዚያ ነው። ጅረቱ ይዞህ ወደ ጥልቁ ሲሄድ ፊት ለፊት ታግለህ ወደ ዳር ለመመለስ አትሞክር፤ ከዋናተኛ ሁሉ ይፈጥናልና። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝ፣ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት አሥር ሜትሮች አይበልጥም፤ ከወጣህለት በኋላ ማዕበሉ ራሱ ወደ መሬት ይመልስሃል።